የተበላ ወንፈል

ደክሞኛል። ከሁሉ በላይ ያደከመኝ አንድ አባባል ነው፤ «ነፍስ ተርፋለች፣ ተመስገን በል» የሚለው። ግጭቱን የመዘገበው ትራፊክ አለኝ። ባጃጇን ገልብጦ ያየው የጋራዥ ባለሙያ አለኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ አለኝ። የነፍስ አባቴ አሉኝ። ለቅሶ ልደርስ በሄድኩበት ቤት ሐዘንተኛው ራሱ እንባውን እየጠረገ አለኝ። ተመስገን ማለት ጠልቼ አይደለም። የእህቴ ልጅ ከዚያ ከተጨማደደ ብረት ውስጥ ወጥቶ በእግሩ መቆሙን ሳስብ እስከ ዛሬ ጉልበቴ ይርዳል፤ ስዕለቴንም አግብቻለሁ። የማልችለው ሰዎች የሹፌሩን ዕዳ በእኔ ምስጋና ሊከፍሉት ሲሞክሩ ነው።

ነገሩ የደረሰው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። የእኛን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጉና የሚወርደው ጉም ከቀኑ በስምንት ሰዓት መብራት ያስበራል፤ አስፋልቱ ጭቃ ይለብሳል፤ ሰው በጋቢው ጆሮውን ሸፍኖ ነው መንገድ የሚያቋርጠው። የእህቴ ልጅ በባጃጇ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ባዶውን ሲመለስ፣ ድንች የጫነ አሮጌ ፒክአፕ የቆመ አባዱላ አልፋለሁ ብሎ ወደ እሱ መሥመር ገባ። የልጁ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። የባጃጇ የፊት ጎማ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ መስታወቷ ረገፈ፣ ሻንሲዋ ተጣመመ። ድንቹ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ገበያተኛው ተረባርቦ መጀመሪያ ልጁን አነሣ፣ ቀጥሎ ድንቹን ለቀመ፣ ከዚያ መንገዱ እንዲከፈት ብሎ ሁለቱንም ተሽከርካሪዎች ገፍቶ ዳር አወጣቸው። በደግነት ነው ያደረገው። ያ ደግነት ምን ያህል እንዳስከፈለኝ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ስደርስ ልጁን ወስደውት ነበር። ዓይኔ ያረፈው የፒክአፑ የፊት መስታወት ላይ ነው። የሦስተኛ ወገን ስቲከሩ ጊዜው ያበቃው ያለፈው ጥቅምት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ መድን ሳይኖረው ተነድቷል። ቦሎውም ያለፈበት ነው። ሹፌሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። «ጋሼ፣ ላድስ ነበር፤ ብር አጥቼ ነው» አለኝ። እኔ በዚያው ወር የባጃጇን መድን ያደስኩት ከጎረቤት ተበድሬ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ በጡረታ ስወጣ ያቺን ባጃጅ በእቁብና በብድር ገዛኋት። የጡረታ ደመወዝ ምን ያህል ቤት እንደሚያቆም የጡረታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእህቴ ልጅ ሥራ አገኘ፣ እኔ የልጆቼን ትምህርት መክፈል ቻልኩ። ሁለት ቤት ነበር በሦስት ጎማ ላይ የተቀመጠው።

ሦስተኛ ወገን የሚባለውን መድን ብዙ ሰው መንግሥት የጣለበት ተጨማሪ ግብር ይመስለዋል። አዋጁ መጀመሪያ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 559፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ማንም ሰው ይህ መድን የሌለውን ተሽከርካሪ እንዳይነዳ፣ ሌላውም እንዲነዳው እንዳይፈቅድ ይከለክላል፤ የተላለፈ በእስራትም በገንዘብም ይቀጣል። ግን ይህን ነገር ለአንድ የፋርጣ ገበሬ አስረዳ ብትሉኝ አዋጅ አልጠቅስም፤ ወንፈል ነው እለዋለሁ። ዛሬ የእኔን ገብስ አብረን እናጭዳለን፣ ነገ ያንተን። እኔ በየዓመቱ የምከፍለው ዓረቦን የእኔን ባጃጅ አይጠግንም። የእኔ ባጃጅ የሰው አጥር ብትጥስ፣ የሰው ልጅ ብትገጭ፣ ለዚያ ሰው ነው። የእኔን ባጃጅ መጠገን የነበረበት የዚያ ፒክአፕ ባለቤት የከፈለው ዓረቦን ነው። እኔ ወንፈሌን በየዓመቱ ስወጣ ኖሬአለሁ። ተራዬ ደርሶ እርሻዬ ላይ ስቆም ሰውየው የለም።

በአገራችን የሰው ወንፈል በልቶ የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። የሰው ጉልበት ሲሆን መጥቶ ጠላውን ጠጥቶ፣ የራሱ ተራ ሲሆን «ወገቤን» ያለ ሰው ስሙ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ጉና ላይ ሲያጉረመርም እህሉ ቆሞ ማንም አይሄድለትም። ልጁን የሚድርም ሰው ያስብበታል። መድን ሳያድስ የሚነዳውን ሰው ግን «ምን ያድርግ፣ ኑሮ ነው» ብለን እናዝንለታለን። ይሄ ነው ሌት የሚያብሰለስለኝ። የሁለቱ በደል አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን እናወግዛለን፣ ሌላውን እናባብላለን። ኑሮ እኔም ቤት አለ። አባዱላ በሚነዳውም ቤት አለ። የሚከፍለውም የማይከፍለውም የሚኖሩት በአንድ ኑሮ ነው።

«ሙሉ መድን ለምን አልገባህም?» የሚሉኝም አልጠፉም። ሙሉ መድን ውድ ነው፤ የባጃጅ ሰው ከዕለት ገቢው ለነዳጅ፣ ለጎማ፣ ለቁጠባ ማኅበር ዕዳ ከፍሎ የሚተርፈውን ለሚያውቅ መልሱ ግልጽ ነው። ደግሞስ የሌላው ሰው ግዴታ ሲጓደል እኔ ሁለት ጊዜ እንድከፍል ለምን ይፈረድብኛል?

መድን በሌለው ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ጭራሽ አልተረሳም፤ ይህን ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ያው አዋጅ የመድን ፈንድ የሚባል ነገር አቋቁሟል፤ አሁን የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ገንዘቡ የሚመጣው መድን ድርጅቶች ከሚሰበስቡት የሦስተኛ ወገን ዓረቦን ላይ ነው፤ ማለትም እኔና እኔን መሰል ከፋዮች ካዋጣነው። ገጭቶ ያመለጠ፣ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ሰው ሲገድል ወይም አካል ሲያጎድል ይህ ፈንድ ካሳ ይከፍላል። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሁሉ፣ የገጨው ማንም ይሁን ማን፣ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ልጁ በተጎዳበት ቀን ይህን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። እህቴ ሁለት በግ ሸጣ አሳከመችው። ስለ ፈንዱ የሰማነው ወራት ካለፉ በኋላ፣ ከአንድ ጠበቃ አፍ፣ ቡና ቤት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ስቲከር ስለጥፍ የኖርኩ መምህር ነኝ፤ እኔ ያላወቅኩትን ከእብናት ወይም ከስማዳ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ እንዴት ያውቀዋል? ይህ መብት በየሆስፒታሉ በር፣ በየትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ በትልቁ ተጽፎ መለጠፍ ነበረበት። ስንት ሰው በግ፣ በሬ፣ መሬት ኮንትራት ሰጥቶ የታከመው መብቱን ባለማወቁ ነው።

ንብረትን በተመለከተ ግን ፈንዱ ዝም ይላል። መድን ያለው መኪና ንብረት ሲያበላሽ አዋጁ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ መድን ሰጪው እንዲከፍል ደንግጎ ነበር፤ ለሞት ከ5 ሺህ ያላነሰ፣ ከ40 ሺህ ያልበለጠ። ያ ጣሪያ በቅርብ ዓመታት ከፍ ተደርጓል፤ ጥሩ ነው፣ ዘግይቷል እንጂ። መድን የሌለው መኪና የሰበረውን ንብረት ግን ፈንዱ አይክስም። ሥጋህን ያያል፣ እንጀራህን አያይም። ሕግ አውጪው ንብረት ሲል ምናልባት የሀብታም የቤት መኪና ታይቶት ይሆናል። በእኛ አገር ንብረት ማለት ባጃጅ ነው፣ ጋሪ ነው፣ ሐሙሲት መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ሱቅ ናት፣ የጫነች በቅሎ ናት። እንግሊዞች የመኪና መድንን እ.ኤ.አ. በ1930 አስገዳጅ አድርገው፣ በ1946 ደግሞ መድን ሰጪዎቻቸው ተሰባስበው መድን በሌለው ሹፌር ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የጋራ ቢሮ አቋቁመዋል። ኋላ ላይ ንብረትንም ጨመሩበት። አንድ ሱቅ ሲፈርስ አንድ ቤተሰብ የማይፈርስባቸው ሰዎች ይህን ካሰቡበት፣ ለእኛ የበለጠ ያስፈልገን ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌ መጣ። ሦስት ነበሩ፤ አንድ ቄስ፣ የሹፌሩ አጎት፣ እኔው ያስተማርኩት አንድ ነጋዴ። ሹፌሩ ከኋላቸው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተንበረከከ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው እንዴት አቁሜ ልየው? «በእግዚአብሔር፣ አውርድ» አልኩት። የእህቴ ልጅ ተርፎ በቤቱ ስላለ የወንጀሉን አቤቱታ እንዳይገፋበት ለመኑን። በቸልተኝነት አካል መጉዳት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ የአጋጣሚ ነገር ሆኖ የአንቀጹ ቁጥር ከመጀመሪያው የመድን አዋጅ ጋር አንድ ነው፣ 559። እሺ አልን። የሰው ልጅ ወህኒ ወርዶ እኔ ምን አገኛለሁ? የባጃጇን ማሠሪያ በሦስት ጊዜ ሊከፍል ቃል ገባ። ቄሱ መረቁ፣ ጠላ ቀረበ፣ ተሳሳምን።

«ለመስቀል» አለ። መስቀል መጣ። «ድንቹ ሲወጣ» አለ። ጥቅምት ላይ 8 ሺህ ብር አመጣ፤ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። «ለገና» አለ። «ከመርቆሬዎስ በኋላ» አለ፤ ጥር 25 አጅባር ሜዳ ላይ ፈረሰኞቹ ጉግስ ሲጫወቱ ከሩቅ አየሁት፣ አንገቱን ደፋ። «ከፋሲካ በኋላ» አለ። ከዚያ ስልኩን አቆመ። ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው ከእኔ ጋር ማዘን ጀመሩ፤ ቆይተው ግን እኔኑ ይሸመግሉኝ ገቡ። «መምህር፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት» አሉኝ። «ልጁ የሙት ልጅ ነው። ከልጁ ጋር እኩል አይካሰሱ። ነፍስ ተርፋለች።» ያን ቀን ሽማግሌዎቹን እየሸኘሁ የገባኝ ነገር አለ። ሽምግልናችን የተሠራው ደም ለማድረቅ ነው፤ ገዳይና ሟች ቤተሰብ እንዳይጫረስ። ለዚህ ትልቅ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ገንዘብ ለማስከፈል ሲመጣ ግን አቅሙ የሚያርፈው በሚያፍረው ሰው ላይ ነው። የሚያፍረው ደግሞ ሁልጊዜ የተበደለው ነው።

እኔ እንዲህ ስጠብቅ ሁለት ነገር ይቆጥር ነበር። አንደኛው ይርጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ጉዳት የደረሰበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ይቀራል ይላል። ለሽማግሌ ብሎ የሚታገሥ ሰው ይህን አይቆጥርም፤ ሕጉ ግን የመስቀሉንም የገናውንም ቀን ይቆጥራል። ሁለተኛው ዋጋ ነው። ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ያሰባሰብኩት በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ነበር፤ ዝቅተኛው 92 ሺህ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶ ብርን አለፈ። የባጃጅ ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። መስከረም ላይ ያንኑ ፕሮፎርማ ይዤ ስሄድ ባለጋራዡ አንብቦ መለሰልኝና «መምህር፣ ይሄ የድሮ ነው» አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላው የድሮ ሆነ።

በ2017 ሰኔ ከሰስኩ። ፍርድ ቤት በክረምት እረፍት ነው፤ ነገሩ ጥቅምት ላይ ተነቃነቀ። በክልላችን ባለው ሁኔታ መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው ይሻገራል፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ ዳኛውም ሰው ነው። መጥሪያ፣ የዳኝነት ክፍያ፣ ኮፒ፣ ማኅተም፣ ምስክር ማብላት፤ እነዚህን የቀመሰ ሁሉ ስለሚያውቃቸው አልዘረዝርም። ልቤን የሰበረው ሌላ ነገር ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ መኪና አስቦበታል። ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ፒክአፑ የገጨው አጥሬን ወይም ላሜን ቢሆን ኖሮ ነገሬ ቀላል ነበር። ባጃጅም ተሽከርካሪ ስለሆነች ግን ወደ ቁጥር 2084 ተወሰድኩ። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ ጉዳቱን ሁለቱ ባለቤቶች ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከአንደኛው ሹፌር ጥፋት የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የሚያረጋግጠው የትራፊኩ ፕላን ነው። ፕላኑ የተነሣው ደጉ ገበያተኛ ሁለቱንም ገፍቶ ዳር ካወጣቸው በኋላ ነው። ጎማው የት እንደቆመ፣ መስታወቱ የት እንደረገፈ፣ ማን በማን መሥመር እንደነበረ የሚያሳይ ልኬት የለም። ዝናቡ የፍሬኑን ምልክት አጥቦታል። ምስክሮቼ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ድንች ሲለቅም ነበር፣ ሌላዋ ጉም ስለነበር በደንብ አላየሁም አለች። እውነቷን ነው። ግማሽ ተፈረደልኝ፤ 46 ሺህ። ከዚያ ላይ 8 ሺህ ተቀነሰ።

ስለዚህ አደጋ የሚደርስበት ሰው ይህን ከእኔ ይስማ፤ ሰው አንሱ፣ ደም አቁሙ፣ ተሽከርካሪውን ግን ትራፊኩ ሳይለካ አትንኩ። መንገዱ ለአንድ ሰዓት ይዘጋ። ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ቢያንስ ፎቶ አንሱ።

ለእህቴ ልጅ ሥቃይም ካሳ ጠይቄ ነበር። አራት ወር በቀኝ ጎኑ መተኛት አልቻለም፤ አሁንም የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ይደነግጣል። ሕጉ የሕሊና ጉዳት የሚለው አለው፤ ቁጥር 2116። ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ጥንድ በሬ ገዝቶ ይተርፍ ነበር። ዛሬ የባጃጅ ጎማ አይገዛም። ዳኛው አንቀጹን ሲያነቡልኝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ፍርዱን ይዤ ወጣሁ። በሕግ ቋንቋ አሁን «የፍርድ ባለመብት» ነኝ፣ ሹፌሩ «የፍርድ ባለዕዳ» ነው። ቀጥሎ አፈጻጸም ይባላል። ባለዕዳው በስሙ ምን አለው? ቤት የለውም። መሬት የእናቱ ነው። ፒክአፑስ? እዚህ ላይ ነው የአገራችን የመኪና ሽያጭ ጉድ የሚወጣው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የጎንደር ሰው ነው። ያ ሰው ከስድስት ዓመት በፊት በውክልና ሸጧል። ገዢው ለሌላ ሰው፣ እሱም በውክልና ሸጧል። ስም ለማዛወር የሚከፈለውን ለመሸሽ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ውክልናውን ኪሱ ከትቶ ይነዳል። ሊብሬው ላይ ላለው ሰው መጥሪያ ሁለት ጊዜ ተላከ፤ በአድራሻው የለም ተብሎ ተመለሰ። ፒክአፑን አሳገድኩ። በሦስተኛው ሳምንት አይቼው የማላውቅ ሰው የሽያጭ ውል ይዞ ቀረበ፤ «መኪናው የእኔ ነው፣ ልጁ ተቀጣሪዬ ነው» አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 ለእንዲህ ያለ ሦስተኛ ሰው መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። እግዱ ተነሣ። አሁን ያንን ሰው በባለቤትነቱ እንደ አዲስ እንድከስ ነው የተመከርኩት፤ ይርጋው ሊሞላ ደግሞ የቀረው ጥቂት ወር ነው። ሲያተርፍ ባለቤት የሆነ ሰው ሲያከስር ዘመዱ እንኳ አይደለም። ስቲከሩን ማደስ የነበረበት እሱ ነው። ሹፌሩ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፌ ሲንበረከክ እሱ የት ነበር?

ይህ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቀጠሮ ስንጠብቅ አንድ የፋርጣ ሰው አጫወተኝ። ከወረታ መልስ ዓለም ሳጋ ጫካ አጠገብ ያለው ጥምዝ ላይ፣ ጨው የጫነች በቅሎው በአይሱዙ ተገጨችበት። መኪናው መድን አልነበረውም። ሹፌሩ ወርዶ አቅፎ አለቀሰለት፤ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በበቅሎዋ ዋጋ ሩብ ተፈታ። በሕጉ ሙሉውን ይከፈለው ነበር፤ በቅሎ ተሽከርካሪ አይደለችም፣ ግማሽ ግማሽ የሚባለው እሷን አይነካም። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አየኝ። «አሁን ከታረቅሁ በኋላ ነው የምትነግረኝ?» አለኝ። ለገበያ አሁን በጫንቃው ነው የሚሸከመው። ከአዲስ ዘመን የመጣች ሴት ደግሞ ታርጋ በሌለው ሞተር ሳይክል የፈረሰባትን የሱቅ በር በራሷ አሠርታ፣ ሞተረኛውን በየገበያው እየፈለገች ሁለት ክረምት አልፏታል። ሁላችንም በዚያ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ነበር። ማናችንም መድን አላጣንም፤ መድን ያጣው የገጨን ሰው ነው። ቀጠሮ የምንመላለሰው ግን እኛ ነን፣ እሱ እየነዳ ነው።

ትራፊኮች ሁሉ ያን ስቲከር ማየት ይችላሉ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው እኮ እንዲታይ ነው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጋይንት፣ ያ ፒክአፕ በዘጠኝ ወር ውስጥ ስንት ኬላ አልፏል? ስንት ጊዜ መናኸሪያ በር ላይ ቆሟል? ድንቹን ያስጫነው ነጋዴ፣ ጉልበቱን የሸጠው ተሸካሚ፣ ከኋላ የተሳፈረው ሰው፣ ሁሉም በዚያ መስታወት ፊት አልፈዋል። ዓመቱ ያለፈበት ስቲከር ማንበብ ትምህርት አይጠይቅም፤ ቀለሙ ነጥቶ ጠርዙ ተቀርፎ ነበር።

ባጃጇ ግቢዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ጎማዎቿን ሸጫለሁ። የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ትከሻው ስለማይችል ሲሚንቶ አያስሸክሙትም።

ባለፈው ሳምንት ግማሽ ኩንታል ገብስ ገዝቼ፣ ተሸካሚ ለመቅጠር ብሩ ስላልበቃኝ፣ በትከሻዬ ይዤ ዳገቱን ስወጣ መኪና አጠገቤ ዝግ አለ። ያው ፒክአፕ ነው። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ እንደ ደንቡ ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። «ጋሼ፣ ይግቡ፤ ላድርስዎት» አለ። መስታወቱን አየሁ። ያው የነጣው ስቲከር ነው።

«ሂድ» አልኩት።

ከኋላዬ ሽንኩርት የያዙ ሁለት ሴቶች ሮጠው መጡና ተሳፈሩ።